ሠላሳ አምስት ቀን ያላት ነሐሴ

ላንቃሞን አላውቀውም፤ ፊቱን አላየሁም፣
ድምፁንም በስልክ እንኳ ሰምቼው አላውቅም።
እጁን ግን አውቃለሁ፤
ሁለት ዓመት ሙሉ የጻፈውን ኮድ ሳነብ እውላለሁ።
የት ላይ እንደቸኮለ፣ የት ላይ እንደራበው፣
የቱን መስመር በሌሊት እያዛጋ እንደገጣጠመው
ከስም አወጣጡ ይገባኛል፦
«ሒሳብ»፣ «ሒሳብ ሁለት»፣ «ሒሳብ የመጨረሻ»፣
«ሒሳብ የመጨረሻ የምር»።

ሐዋሳ፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ፣ ከፎቶ ቤቱ በላይ፣
የአሣ አስጋሪዎች ብድርና ቁጠባ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ።
ሐይቁ ከዚህ አይታይም፤ ይሸታል።
ከጎረቤት ቆርቆሮ ላይ አባ ኮዳዎች
እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደቆሙ ኦዲተሮች
ያዩናል።

ከኮዱ መሐል አንድ ማስታወሻ አለ፦
«ለጊዜው ነው። ከበዓል በኋላ አስተካክላለሁ። ላ.»
የትኛው በዓል እንደሆነ አልጻፈም።
ፊቼ አለፈ፤ ገብርኤል ሁለቴ ነገሠ፤ ዒድ አለፈ፤
ላንቃሞም ሌላ መሥሪያ ቤት ገብቶ ከደጃችን አለፈ።

ነገሩ ይኼ ነው፤ ወለድ ሲያሰላ ጳጉሜ አስቸገረው፤
ቀኑ መሽቶበታል፣ አለቃው ደጋግማ «ደረሰ ወይ?» አለችው፣
ጳጉሜን ብድግ አድርጎ ነሐሴ ጉያ ውስጥ ሸጎጠው፣
ነሐሴን ሠላሳ አምስት ቀን አደረገው።
ሠራ። አጨበጨቡለት። ለስላሳ ተጋበዘ።

አልፈርድበትም።
ተበደረ እንጂ አልሰረቀም።
አንዲት ሌሊት ነው የወሰደው፤ ምናልባት ልጅ ታሞበት፣
ምናልባት እንቅልፍ ጥሎት።
ብድር ነውር ቢሆን ይኼ ቤት በምን ይቆም ነበር?
መረቡ በምን ይገዛ፣ ጀልባው በምን ይጠገን ነበር?
ነውሩ ያልተመዘገበው ነው፤
ዋስ የሌለው፣ ቀን ያልተቆረጠለት፣ ባለዕዳው የሄደው።

እንዲህ ያለ ዕዳ ወለዱን በብር አይበላም።
ሰኞን ይበላል። እራት ሰዓትን። የዓይን ብርሃንን።
ወለድ አግድ ነው፤
መሬቱ የኔ፣ አራሹ የላንቃሞ አንዲት ሌሊት።

ከዚያ የሉቃስ ዘመን አለቀ፤ ጳጉሜ ስድስት ቀን ሆነች።
ስድስተኛዋ መጠጊያ አጣች፤
ከነሐሴም አልሆነች፣ ከመስከረምም አልሆነች፣
በመዝገባችን አልተወለደች።
በዚያች ቀን አቶ ጋቢሶ መጣ፣
ከመረቡ ዕዳ ሊወጣ፣
ብሩን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ አሣ አሣ እየሸተተ።
ከፈለ። ተፈረመለት። መርቆን ሄደ።
በዓሉ አልፎ ስንከፍት ስሙ ፊት ለፊት
ቀይ፣ ያልከፈለ፣ መቀጫ ያለበት።
ተጠርቶ መጣ። ኮምፒውተሩን አላየም፤ እኔን ነው ያየኝ፦
«ልጄ፣ ያን ቀን እዚህ አልነበርኩም?»

ወይዘሮ ዱካሌን ሁለት ሳምንት ለመንኳት።
«ምን አዲስ ነገር እናያለን?»
«ምንም። የማይታየው ይቀንሳል» አልኳት።
ሳቀች። ዕድሜዋን ሙሉ ያበደረች ሴት ናት፤
ባለዕዳ ፊቷ ቆሞ ሲያለሳልስ ታውቃለች።
«ሁለት ሳምንት የለኝም፤ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ውሰጂ» አለች።

ደብተር ገዛሁ፤ ማን ተበደረ፣ ለምን፣ ወለዱ ስንት፣ መቼ ይመለስ።
አርባ አንድ ዕዳ ቆጠርኩ።
አንዳንዱን ተውኩት፤ ማንም የማይገባበት ጓዳ ነው፣ ይበስብስ።
በየቀኑ የምንረግጠውን ግን ሳይቃጠል በቅጠል አልኩ።
ጳጉሜን ከነሐሴ ጉያ አወጣኋት፤
የራሷን ክፍል ሰጠኋት፤
ስድስተኛዋን ቀን በስሟ ጠራኋት።
አቶ ጋቢሶ ነጻ ነው። ይቅርታ ብለን ደወልን፤
«ሐይቅ ላይ ነኝ፣ አይሰማም» አለን።

ባለፈው ሐሙስ የስልክ ክፍያው ነገ ይጀምር ተባለ።
ዝናብ። መብራት የለም። ባትሪዬ ዘጠኝ ከመቶ።
ጣቴ ብቻውን «ለጊዜው ነው» ብሎ ጻፈ፣
ቆመ።
አላጠፋሁትም። ከሥሩ ስሜን ከነአባቴ አስገባሁ፤
«ጥቅምት ሃያ ሦስት፣ ዓርብ፣ ከሰዓት» አልኩ፤
በደብተሩም አርባ ሁለተኛ አድርጌ መዘገብኩ።